ድሩን ማን እንደፈተለው ጠይቅ

ልጄ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በቀጣናዊ ትብብር ክፍል መቀጠርህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ ጅቡቲ ውስጥ በትራንዚት ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የምኖረውም የአዲስ አበባው ባቡር በሚቆምበት በናጋድ አካባቢ ስለሆነ፣ መሪዎች የፈረሙት ነገር መሬት ሲወርድ ምን እንደሚሆን አያለሁ። ከዚሁ ያገኘሁትን ልምከርህ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

1. የአንድን ቀጣናዊ ድርጅት ደንብ ከማንበብህ በፊት የወለደውን ችግር እወቅ። የቀጣናችን መንግሥታት ድርጅት ኢጋድ በ1986 እዚሁ ጅቡቲ ሲቋቋም ዋና ጉዳዩ ድርቅ ነበር፤ በስሙም ውስጥ ድርቅ ተጠቅሶ ነበር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሰባ ሰባቱን ረሃብ ድንበር እንደማይገድበው ሁሉም ካየ በኋላ የመጣ ነው። በ1996 ሰላምና ኢኮኖሚ ተጨምረውበት ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያዘ። መንግሥታት ሥልጣናቸውን የሚካፈሉት ብቻቸውን ያልቻሉት ነገር ሲገጥማቸው ነው። ያ ችግር ሲረሳ ስብሰባው ይቀጥላል፣ ሥራው ግን ይላላል።

2. «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲሉህ ድሩን ማን እንደፈተለው ጠይቅ። የቀጣናው አቋም ተብሎ የሚነበበው ብዙ ጊዜ አንዱ አገር አስቀድሞ በቤቱ የጀመረው ነው። ጅቡቲ በ2017 መጀመሪያ አዲስ የስደተኞች ሕግ አወጣች። በዚያው ዓመት መጨረሻ የኢጋድ አገሮች ሚኒስትሮች እዚሁ ተሰብስበው፣ የስደተኛ ልጆች በየአገሩ መደበኛ የትምህርት ሥርዓት እንዲካተቱ የጅቡቲን መግለጫ አወጡ። ኢትዮጵያም በ2019 በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የስደተኞችን የትምህርትና የሥራ መብት ደነገገች። አዋጁ ግን የመግለጫው ልጅ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ኢትዮጵያ በ2016 ኒውዮርክ ላይ የገባችው ቃልም አለበት። ሕግ ብዙ አባት አለው፤ ሪፖርት ስትጽፍ ለአንዱ ብቻ አትስጠው።

3. ፊርማን ከሥራ ለይ። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 መሠረት ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል የሚሆነው ሲጸድቅ ነው፤ የሚያጸድቀውም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የኢጋድን የሰዎች ነጻ ዝውውር ፕሮቶኮል ሚኒስትሮች በ2021 ተቀብለውታል። ናጋድ ላይ የሚወርደው መንገደኛ ግን ሰነዱን ይዞ ኢሚግሬሽን ፊት ይሰለፋል፤ ወረቀት የሌላቸው ፍልሰተኞች ከመመለሳቸው በፊት የሚያዙበት ግቢም እዚሁ ናጋድ ነው። ስለዚህ «ተስማምተናል» የሚል ደብዳቤ ሲደርስህ ሦስት ነገር ጠይቅ፦ የትኛው አዋጅ ይለወጣል? በጀቱ ከየትኛው መሥሪያ ቤት ይወጣል? ኬላ ላይ ላለው ሠራተኛ መመሪያውን ማን ይጽፍለታል?

4. መተሳሰርን በስምምነት ብዛት አትለካ። የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) ነጻ የንግድ ቀጣና በ2000 ሲጀመር ጅቡቲ ገባች፤ ኢትዮጵያ ግን የኮሜሳ አባል ሆና ሳለ ከዚያ ቀጣና ውጭ ቀረች። ሆኖም እንደ እነዚህ ሁለት አገሮች የተሳሰሩ ጎረቤቶች ጥቂት ናቸው። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ ጭነት ወደዚህ ዞረ፤ በ2002 የወደብ አጠቃቀም ስምምነት ተፈረመ፤ በ2011 የኤሌክትሪክ መስመሩ ተገናኘ፤ በ2018 አዲሱ ባቡር መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። ዛሬ ከኢትዮጵያ የገቢና ወጪ ንግድ እጅግ የሚበዛው በዚህ ያልፋል። አዲስ አበባ ላይ የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ ወደቡ ላይ ኮንቴይነር ይከማቻል፤ የወደብ ታሪፍ ሲጨምር ደግሞ መርካቶ ዋጋ ይንራል። አንዱ «የውስጥ ጉዳዬ ነው» ብሎ የወሰነውን ነገር ሒሳብ ሌላውም ይከፍላል።

5. ቅርበት ስጋትም እንደሚወልድ እወቅ። በ2024 የመጀመሪያ ቀን ኢትዮጵያና ሶማሌላንድ ስለ ባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረሙ ሶማሊያ ተቆጣች። ኢጋድ በዚያው ወር ኢንቴቤ ላይ አስቸኳይ ጉባኤ ቢጠራ ኢትዮጵያ አልተገኘችም። ጅቡቲ በመካከሉ የታጁራን ወደብ አማራጭ አድርጋ አቀረበች፤ ነገሩን በዓመቱ መጨረሻ ያረገበው ግን የአንካራ ሽምግልና ነው። ኢጋድ የሚወስነው በመግባባት ስለሆነ አባላቱ ከሰጡት በላይ ጉልበት የለውም። ይህን አይተህ ግን ድርጅቱን አትናቀው። ምን ያህል ጉልበት እንደሚሰጠው የሚጻፈው በየዋና ከተማው፣ እንደ አንተ ያለው ባለሙያ በሚያዘጋጀው ረቂቅ ላይ ነው።

6. ጎረቤትህን በሕዝቡ ብዛት ወይም በአክሲዮን ድርሻው አትመዝን። በባቡሩ ኩባንያ ውስጥ ኢትዮጵያ 75፣ ጅቡቲ 25 በመቶ ድርሻ አላቸው፤ ወደቡ ግን የጅቡቲ ነው። ስለዚህ ለስብሰባ ወደ ጅቡቲ ስትመጣ ፈረንሳይኛህን አሻሽለህ፣ ሰላምታውንም በሱማሊኛና በአፋርኛ ተምረህ ና።

7. ከሆቴል የስብሰባ አዳራሽ በፊት ደወሌና ጋላፊ ድንበር ላይ ያሉትን ሾፌሮችና ትራንዚተሮች አነጋግር። የአንዱ አገር መመሪያ ከሌላው ጋር የት ላይ እንደሚጋጭ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የነገሩህን ይዘህ አዲስ አበባ ስትመለስ መጀመሪያ የራስህን መሥሪያ ቤት መመሪያ አስተካክል። ከጎረቤት የምትጠይቀው ነገር ክብደት የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው።