የአንድ ሰፌድ ሂሳብ

ዛሬ የማቀርብላችሁ ጽሑፍ የእኛ ቡድን በዚህ ዓመት ስለሠራው ፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክቱ ሰፌድ ነው። «ሰፌድ ደግሞ ምን ትምህርት አለው?» የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ክፍላችን ውስጥም እንደዚህ ያሉ ነበሩ። እስኪ አንብቡትና ፍረዱ።

የተሰጠን ሥራ ሦስት ነገር ነበረው። አንደኛ፣ በአካባቢያችን ከሚገኝ ነገር አንድ የጥበብ ሥራ መሥራት። ሁለተኛ፣ ከማኅበረሰቡ ሙያውን ከሚያውቅ ሰው መማር። ሦስተኛ፣ ብንሸጠው ስንት እንደምናተርፍ ማስላት። ቡድናችን ውስጥ ሦስት ሴቶችና ሁለት ወንዶች አለን። ሌሎቹ ቡድኖች ሻማና የጭቃ ምድጃ ሲመርጡ እኛ ሰፌድ መረጥን፤ ምክንያቱም አስተማሪው ቤት ውስጥ ነበረች፤ እናቴ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ስፌት ሁለት ዓይነት ሣር ይፈልጋል። አንዱ አክርማ ነው፤ ጠንካራ ስለሆነ ውስጥ ለውስጥ ይገባና ሰፌዱን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ሌላው ስንደዶ ነው። ስንደዶ በመስከረም ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ውኃ ነክቶት በአክርማው ላይ ይጠመጠማል። በቀለም የተነከረው ስንደዶ አለላ ይባላል። መውጊያው ወስፌ ነው። አሁን አሁን ከማዳበሪያ ከረጢት ክር እየመዘዙ በስንደዶ ፋንታ የሚሰፉም አሉ። እሱ ቀለም አይፈልግም፣ ቶሎ ያልቃል፣ ይታጠባል፤ እኔ አልንቀውም። እናቴ ግን ትኩስ እንጀራ ሲቀመጥበት ያልበዋል ትላለች።

ወንዶቹ መጀመሪያ ወስፌ መያዝ አፍረው ነበር። አንዱማ እቤቱ ደብቆ ነው የሚሰፋው። መምህራችን ይህን ሲሰሙ ስለ አውራ አምባ ነገሩን። አውራ አምባ በደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ወረዳ ያለ ማኅበረሰብ ነው፤ እዚያ የወንድ ሥራ የሴት ሥራ ብለው አይለዩም፣ ሴቶችም ሸማ ይሸምናሉ፣ የማኅበሩ አባላት ትርፉንም እኩል ይካፈላሉ። ከዚያ በኋላ ልጁ ክፍል ውስጥ መስፋት ጀመረ። እንዲያውም ከእኔ የእሱ ስፌት ይጠብቃል።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ሰፌድን ከላይ ስታዩት ብዙ ክቦች የተደረደሩበት ይመስላል። ግን አንድ ረጅም ገመድ ነው፤ ከመሃል ይነሳና እየዞረ እየዞረ ይሰፋል። ታዲያ ይህ ገመድ ቢፈታ ስንት ሜትር ይሆናል? ሰፌዱን ማፍረስ አያስፈልግም። ገመዱ ሲፈታ ቀጭንና ረጅም አራት ማዕዘን ይሆናል፣ ስፋቱ ግን ከክቡ ስፋት ጋር ያው ነው። ስለዚህ የክቡን ስፋት በገመዱ ውፍረት ማካፈል ብቻ ነው።

የእናቴ ሰፌድ ዲያሜትሩ 40 ሳ.ሜ ነው፤ ሬዲየሱ 20 ማለት ነው። የገመዱ ውፍረት 0.8 ሳ.ሜ። እንግዲህ 3.14 ሲባዛ በ20 ሲባዛ በ20፣ 1256 ካሬ ሳ.ሜ ይመጣል። በ0.8 ሲካፈል 1570 ሳ.ሜ፣ ማለትም 15 ሜትር ከ70 ሳ.ሜ። የእኛ ክፍል ርዝመቱ 8 ሜትር ነው። አንድ ሰፌድ ቢፈታ ከሰሌዳው ተነስቶ እስከ ኋላ ግድግዳ ሄዶ ሊመለስ ምንም አይቀረው!

በማስመሪያ ስንለካ 10 ስፌት 3 ሳ.ሜ ይይዛል። ስለዚህ 15 ሜትር ከ70 ውስጥ ወደ 5233 ስፌት አለ። እናቴ በአንድ ደቂቃ 4 ጊዜ ትወጋለች፤ በስልክ ሰዓት ይዤ ነው የቆጠርኩት፣ እሷ ግን እያወራች ነበር። 5233 ለ4 ሲካፈል 1308 ደቂቃ። ይህ ወደ 22 ሰዓት ነው። ስንደዶ መልቀሙ፣ መሰንጠቁ፣ ቀለም መንከሩ እዚህ ውስጥ የለም።

ስለ አበባው አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሰፌዱ ከመሃል ጀምሮ 8 ቦታ የተከፈለ ነው፣ 4 ቀይ፣ 4 ነጭ። ቀዩ እኩል እኩል እየሰፋ እንዲሄድ ስንት ስፌት እንጨምር ብለን ወረቀት ላይ ሠራን። አንዱ ዙር ከውስጠኛው ዙር የሚበልጠው በ2 ሲባዛ በ3.14 ሲባዛ በ0.8፣ ማለትም በ5.02 ሳ.ሜ ነው፤ ወደ 17 ስፌት ገደማ። የሚገርመው ትንሹም ዙር ትልቁም ዙር ጭማሪው ያው 17 ነው። ይህን ይዤ ወደ እናቴ ሄድኩና «እማዬ፣ በየዙሩ ስንት ትጨምሪያለሽ?» አልኳት። «ለእያንዳንዷ ሁለት ሁለት ነዋ» አለችኝ። ሁለት በስምንት፣ 16! «አንዷስ?» ስላት «እሷማ ጠበቅ ላላ ሲል ትገባለች» ብላ ሳቀችብኝ። እናቴ ፓይ የሚባለውን ሰምታው አታውቅም።

ቀጥሎ ንግዱ ነው። እንዲህ ያለው ሰፌድ ቢቸና ገበያ ላይ 400 ብር ነው የተጠየቀው። ለአክርማ፣ ለስንደዶና ለቀለም 115 ብር ወጥቷል። የቀረው 285 ብር ነው። ለ22 ሰዓት ስናካፍለው በሰዓት 13 ብር እንኳን አይሞላም። ቡድናችን ዝም አለ። ሂሳቡን ሦስት ጊዜ ደገምነው፣ ያው ነው። ገበያ ላይ ደግሞ አንዲት ሴትዮ በ300 አይሆንም ወይ ብላ ስትከራከር «ሣር አይደለም እንዴ!» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ይህን ያገኘነው መጠኑን እያሳነስን ስናሰላ ነው። ዲያሜትሩ 20 ሳ.ሜ የሆነ ትንሽ ሰፌድ 327 ደቂቃ ይወስዳል፣ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ። 10 ሳ.ሜ የሆነ የስኒ ማስቀመጫ ደግሞ 82 ደቂቃ ብቻ። አያችሁ? ጎኑ እጥፍ ሲሆን ድካሙ አራት እጥፍ ይሆናል። ገዢ ግን በዓይኑ የሚያየው ጎኑን ነው። ከ20 ሳ.ሜ ወደ 40 ሲሄድ ሁለት እጥፍ አድርጎ ትንሽ ይጨምርና በቃ ከፈልኩ ይላል። ትልቅ ሰፌድ የሚሰፋ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ እኛ የስኒ ማስቀመጫ ሠራን። አንዱን በ40 ብር። ዕቃው 7 ብር ስለሚፈጅ 33 ብር ይተርፋል፤ በሰዓት ሲሰላ 24 ብር። ከትልቁ ሰፌድ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። 12 ሠርተን ስድስቱን መምህራን ወሰዱ። ስድስቱን ደግሞ ለፋሲካ የመጣችው አክስቴ ወደ ሞጣ ይዛቸው ሄደች። ሞጣ የሰፌድ ዋጋ ከእኛ በ50 ብር ይበልጣል ብላናለች። ግን ከቢቸና በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ ድረስ አንድ ሰፌድ ይዞ ቢሄዱ የመኪናው ሒሳብ ትርፉን ይበላዋል። የስኒ ማስቀመጫ ግን ስድስቱም አንድ ፌስታል ውስጥ ይገባል፣ መንገደኛም ይዞት ይሄዳል። አክስቴ ለአንድ ሻይ ቤት ሸጣ ብሩን ላከችልን፤ ሌላ 10 ጨምሩ ብላለች። የ12ቱ ትርፍ 396 ብር ሆነ፣ ለአምስት እኩል ተካፈልን። አንድ ብር ተርፋ ነበር፣ ማስቲካም አልገዛችልን።

ይህን ስል ትልቅ ሰፌድ ይቅር ማለቴ አይደለም። ሐረር ውስጥ ስፌት በግድግዳ ላይ ተደርድሮ የቤት ጌጥ ነው። በሩዋንዳ የመንግሥት አርማ ላይ ሳይቀር ቅርጫት አለ። እዚያ ሣር ነው የሚል ያለ አይመስለኝም። እናቴም ሂሳቡን ካነበብኩላት በኋላ በሚቀጥለው ገበያ 600 ብር ብላ ጠራች። አልተሸጠም። ይዛው ተመለሰችና ግድግዳ ላይ ሰቀለችው፤ «በ400 ከምሰጥ እኔው አየዋለሁ» አለች። አባቴ ምንም አላለም፣ ግን ሲገባ ሲወጣ ያየዋል። እኔም ዋጋው ስንት መሆን እንዳለበት ገና እያሰብኩ ነው። የቀን ሠራተኛ የሚከፈለውን ያህል ብናስብ 600 ራሱ ያንሳል፤ ገዢ ደግሞ ከዚያ በላይ አልከፍልም ይላል። በዚህ ላይ መምህራን ሐሳብ ቢጽፉልን ደስ ይለናል።

የመጨረሻው የአክርማው ጉዳይ ነው። አያቴ በልጅነቷ አክርማ ከደጅ ነበር የምታመጣው። አሁን ግጦሹ እየታረሰ ጤፍና ባሕር ዛፍ ስለሆነ በገንዘብ ነው የምንገዛው። አክርማ አንዴ ከያዘ በየዓመቱ መልሶ የሚበቅል ሣር ነው። ስለዚህ ከመንገድ ዳር ከነሥሩ 15 ጉጦ ነቅለን በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፣ ከውኃ ቧንቧው ጀምሮ በአንድ መስመር ተክለናል። እስካሁን 11ዱ ይዘዋል። ኳስ እዚያ ጋ ስትወድቅ እባካችሁ በመስመሩ መሃል አትሩጡ፣ በቧንቧው በኩል ዞራችሁ አምጧት።