ሌዘርና ጠባሳ፦ ሳይጠየቅ የሚታለፈው ጥያቄ



ስለ ፊት የሌዘር ሕክምና ከወንድሞችና ከእህቶች የምሰማቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው ሁለት ናቸው። አንደኛው «ሐላል ነው ወይስ ሐራም?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «የት ይሠራል? ስንትስ ያስከፍላል?» የሚል ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን በእኔ አስተያየት ከሁለቱም መቅደም የሚገባው አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ይታለፋል። እርሱም «ይህ ብርሃን በእኔ ቆዳ ላይ ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። ይህን ያልጠየቀ ሰው አንድ ጠባሳ ሊያስጠፋ ሄዶ ሌላ ጠባሳ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ሌዘር ምንድን ነው?

ሌዘር የተሰበሰበ ብርሃን ነው። ከአምፖል የሚወጣው ብርሃን የብዙ ቀለማት ድብልቅ ሆኖ በየአቅጣጫው ሲበተን፣ የሌዘር ብርሃን ግን አንድ ዓይነት ሆኖ በአንድ አቅጣጫ ይጓዛል። የመጀመሪያውን ሌዘር እ.ኤ.አ. በ1960 የሠራው አሜሪካዊው ቴዎዶር ማይማን ነው። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ሊዮን ጎልድማን የተባለ የቆዳ ሐኪም ብርሃኑን በሰው ቆዳ ላይ መሞከር ጀመረ። በ1964 ደግሞ በትውልድ ሕንዳዊው ኩመር ፓቴል በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራውን ሌዘር አስገኘ። ይህ ዓይነቱ ሌዘር እስከ ዛሬ ድረስ ለጠባሳ ሕክምና ያገለግላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድን ሌዘር ብርሃን ውሃ ይውጠዋል። በቆዳችን ውስጥ ብዙ ውሃ ስላለ ጨረሩ ያረፈበት ቦታ በቅጽበት ይተናል፤ ከሥሩ ያለውም ይሞቃል። ሰውነት ይህን እንደ ቁስል ቆጥሮ ለጥገና ይነሳል፤ ኮላጅን የተባለውን የቆዳ ማገር እንደ አዲስ ይሠራል። እንግዲህ ልብ እንበል፦ ጠባሳውን የሚያስተካክለው ጨረሩ ራሱ ሳይሆን አላህ (ሱ.ወ.) በሰውነታችን ያኖረው የመጠገን ኃይል ነው። ጨረሩ ቀስቃሽ ብቻ ነው።

ቀድሞ ፊትን ሙሉ በሙሉ መላጥ የተለመደ ነበር። ቁስሉ ሰፊ ስለሆነ ለመዳን ጊዜ ይወስዳል፤ የቆዳ ቀለም መበላሸትም ያስከትል ነበር። በ2004 ዲተር ማንሽታይንና ሮክስ አንደርሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር ፍራክሽናል የተባለውን ዘዴ ይፋ አደረጉ። በዚህ ዘዴ ጨረሩ ቆዳውን እንደ ወንፊት በጥቃቅን ነጥቦች ይወጋዋል፤ በነጥቦቹ መካከል ያለው ጤነኛ ቆዳ ሳይነካ ይቀራል። ጤነኛው ቆዳም የተጎዳውን ቶሎ ይሸፍነዋል። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ይሁን እንጂ አደጋውን ቀነሰው እንጂ አላጠፋውም።

የእኛ ቆዳ ጉዳይ

የቆዳችንን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ከጸሐይ ጉዳት የሚጠብቀን፣ የጠይም ሰው ፊት ቶሎ እንዳይጨማደድ የሚያደርግ ትልቅ ኒዕማ ነው። ነገር ግን በሌዘር ፊት ይኸው ኒዕማ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንዳንዶቹ የሌዘር ዓይነቶች በሜላኒን ስለሚዋጡ ጠቆር ያለ ቆዳን ሊያቃጥሉ ይችላሉ። በሜላኒን የማይዋጡትም ቢሆኑ የሚፈጥሩት ሙቀትና መቆጣት ቆዳው ተጨማሪ ቀለም እንዲያመነጭ ይገፋፉታል። ውጤቱ ወራት የሚቆይ ጥቁረት ነው። ማዲያት ያለበት ሰው ደግሞ በሌዘር ሊብስበት ይችላል።

ስለዚህም ሐኪሞች በሽተኛውን ከማከማቸው በፊት የቆዳውን ዓይነት ይመድባሉ። ምደባውን በ1975 የጀመረው ቶማስ ፊትዝፓትሪክ ነው። ዛሬ ስድስት ደረጃዎች ሲኖሩት አብዛኞቻችን ኢትዮጵያውያን የምንመደበው በመጨረሻዎቹ ደረጃዎች ነው። ለነጭ ቆዳ የተመጠነ ኃይል ለእኛ እንዳለ ቢገለበጥ ጉዳት ያመጣል። አንድ ባለሙያ የቆዳዎን ዓይነት ሳይመለከት፣ ቀድሞ የወጣብዎት ጠባሳ እንዴት እንደዳነ ሳይጠይቅ መሣሪያውን ካነሳ፣ ተነስተው ቢሄዱ ይሻላል።

ጠባሳም ሁሉ አንድ አይደለም

ከብጉር የቀረ ጠባሳ እንኳ ዓይነቱ ብዙ ነው። ሰፋ ብሎ የጎደጎደው በፍራክሽናል ሌዘር ይሻሻላል። እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠባብና ጥልቅ የሆነው ግን ለሌዘር እምብዛም አይመለስም፤ ሐኪሞች በውስጡ አሲድ ጠብ በማድረግ ወይም ቆርጠው በማውጣት ያክሙታል። ከሥሩ ተስቦ የሰረጎደው ደግሞ የያዘውን ጅማት በመርፌ መቁረጥ ይፈልጋል። በጥቃቅን መርፌዎች ቆዳን መውጋትም ለጠይም ቆዳ ከብዙ ሌዘሮች ይልቅ ቀለም የማበላሸት አደጋው ያነሰ አማራጭ ነው።

ከሁሉ በላይ ልንጠነቀቅለት የሚገባው ኬሎይድ ነው። ይህም ከቁስሉ ወሰን አልፎ እያበጠ የሚያድግ ጠባሳ ሲሆን፣ ጆሮ በተበሳበት ቦታ ላይ ሳይቀር እናየዋለን። በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ ከሌሎች ይልቅ ይበዛል። ኬሎይድን በሌዘር ብቻ መላጥ እንዲያውም ጨምሮ እንዲመለስ ሊያደርገው ይችላል። የተለመደው ሕክምና በጠባሳው ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ነው፤ ሌዘር ቢጨመርም ረዳት ሆኖ ነው።

በእሳትና በፈላ ውሃ ለተቃጠሉ እህቶቻችንና ሕፃናት ግን ሌዘር እውነተኛ እፎይታ ሊሆን ይችላል። የጠነከረውን ጠባሳ ያለዝባል፤ ማሳከኩንና መወጠሩን ይቀንሳል። አንገት ወይም ጣት አላንቀሳቅስ ያለ ጠባሳ ግን ቀዶ ሕክምናም ሊያስፈልገው ይችላል። በአዲስ አበባ የየካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍልና የአለርት የቆዳ ሕክምና ክፍል እንዲህ ያሉ በሽተኞች የሚታዩባቸው ቦታዎች ናቸው።

ሸሪዓው ምን ይላል?

እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ዑለማእ ያሉትን ብቻ አስታውሳለሁ። ዐርፈጃ ኢብን አስዐድ የተባሉት ሰሓባ በኩላብ ጦርነት አፍንጫቸው ተቆረጠ። ከብር ያሠሩት አፍንጫ ስለሸተተባቸው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከወርቅ እንዲያሠሩ አዘዟቸው። ይህን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ወርቅ ለወንድ እንደማይፈቀድ እያወቅን ይህን ስናይ፣ ጉዳትን መጠገን ምን ያህል ቦታ እንደተሰጠው እንረዳለን። በሌላ በኩል ለውበት ብለው የአላህን ፍጥረት የሚለውጡ ተወግዘዋል። ኢማም ነወዊ ይህን ሲያብራሩ ለሕክምና ወይም ለነውር የተደረገ እንደማይከለከል ገልጸዋል።

የዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም በ2007 በማሌዥያ ባሳለፈው ውሳኔ በአደጋና በቃጠሎ የመጣን ጉዳት ማስተካከልን ፈቅዷል። መጨማደድን በቀዶ ሕክምና ወይም በመርፌ ማስወገድን ግን በሽታ ካልሆነና ጉዳት እንደማያመጣ ካልተረጋገጠ በቀር አልፈቀደም። ከዚህ የምረዳው የተጎዳን ፊት ማከምና ዕድሜን ለመደበቅ መሯሯጥ አንድ ሚዛን ላይ እንደማይቀመጡ ነው። የማስታወቂያ ሥዕሎች ሁለቱን አደባልቀው ያቀርቡልናል፤ እኛ ግን መለየት አለብን።

ከመግባታችን በፊት

የወሰነ ሰው የሚከተሉትን ቢጠይቅ መልካም ነው። የሚሠራው የቆዳ ሐኪም ነውን? በእኔ ዓይነት ቆዳ ላይ ልምድ አለውን? በመጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሮ ያሳየኛልን? ስንት ጊዜ ያስፈልጋል? ብዙውን ጊዜ አንዴ ብቻ አይበቃም፤ በመካከሉም ሳምንታት ማለፍ አለባቸው። ጠባሳው ይቀንሳል እንጂ ተሰርዞ አይጠፋም፤ «ሙሉ በሙሉ አጠፋለሁ» የሚልን ሰው አትመኑት። የሚወስዱትን መድኃኒት፣ በተለይ ለብጉር የሚዋጠውን አይሶትሬቲኖይን፣ ከንፈር ላይ የሚወጣ ምች ካለም እርሱን አስቀድመው ይንገሩ። ዓይን መሸፈኑን ያረጋግጡ።

ከሕክምናው በኋላ ጸሐይ ትልቁ ጠላት ነው። ለሐጅ ወይም ለዑምራ የተዘጋጀ ሰው ሕክምናውን ከጉዞው በኋላ ቢያደርገው ይሻላል፤ የመካ ጸሐይ ላልዳነ ቆዳ አይመችም። ሐኪሙ ውሃ እንዳይነካ ካዘዘም ስለ ውዱእና ተየሙም ዓሊም ይጠየቅ። እህቶች ሴት ሐኪም ካገኙ ይቅደሙላት።

ጠባሳ ያለበት ሰው ከማንም አያንስም። መታከም ከፈለገም በሩ ክፍት ነው። የሚፈለግብን ከመክፈላችን በፊት መጠየቅ፣ ከመጠየቃችንም በፊት የጠየቅነው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ ነው።

ወላሁ አዕለም።