ፍጻሜ የሌለው መንግሥትና ፍጻሜ ያለው አደራ

ንጉሥ ዳዊት ለእግዚአብሔር ቤት ሊሠራ ባሰበ ጊዜ ነቢዩ ናታን ያመጣለት መልስ ያልጠበቀው ነበር፤ ለዳዊት ቤት የሚሠራለት እግዚአብሔር ራሱ እንደ ሆነና ዙፋኑም ለዘለዓለም እንደሚጸና ነገረው (2ኛ ሳሙ. 7፥1-16)። ዳዊት ግን 7 ዓመት በኬብሮን፣ 33 ዓመት በኢየሩሳሌም ነግሦ አረፈ። ከልጁ ከሰሎሞን በኋላ መንግሥቱ ለሁለት ተከፈለ። በመጨረሻም ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን አፍርሶ ንጉሡን ሴዴቅያስን በሰንሰለት አስሮ ወደ ባቢሎን ወሰደው። ታዲያ የተስፋው ቃል ወዴት ደረሰ?

የመልሱ ጅማሬ የተሰማው በዚያው በምርኮ አገር ነው። ነቢዩ ዳንኤል የንጉሡን ሕልም ሲፈታ፣ የሰው እጅ ሳይነካው ተፈንቅሎ ታላቁን ምስል ያደቀቀው ድንጋይ ከቶ የማይፈርስ የእግዚአብሔር መንግሥት መሆኑን ገለጠ (ዳን. 2፥31-45)። ፍጹሙ መልስ ግን በናዝሬት ተሰማ። መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል እመቤታችንን ሲያበሥራት ከእርስዋ የሚወለደው በዳዊት ዙፋን እንደሚነግሥ፣ ንግሡም ማብቂያ እንደሌለው ነገራት (ሉቃ. 1፥32-33)። ስለዚህ የተስፋው ቃል አልታጠፈም፤ በሥጋ ከዳዊት ዘር በተወለደው በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ተፈጸመ።

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዕንቆራ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው መርቄሎስ፣ የሐዋርያውን ቃል (1ኛ ቆሮ. 15፥24-28) ያለ አግባብ ተርጕሞ የወልድ መንግሥት አንድ ቀን ያበቃል የሚል ትምህርት አስተምሮ ነበር። በ381 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት 150 አባቶች ግን መንግሥቱ ፍጻሜ እንደሌለው በሃይማኖት ድንጋጌያቸው አጸኑ። እኛም በቅዳሴ ጸሎተ ሃይማኖትን ስናደርስ የምንመሰክረው ይህንኑ ነው።

ይህ ትምህርት ለሰበካ ጉባኤ ሥራ ምን ይጠቅማል? የዐቢይ ጾምን ሰንበታት እናስተውል። በ5ኛው እሑድ፣ በደብረ ዘይት፣ የጌታችንን ዳግም ምጽአት እናስባለን። ቀጥሎ የሚመጣው 6ኛው እሑድ ደግሞ ስለ መክሊቱ የተጠየቀው የታማኝ አገልጋይ እሑድ፣ ገብር ኄር ነው። ንጉሡን የሚጠባበቅ ሰው የተረከበውን አደራ ማስላት እንዳለበት ከዚህ እንማራለን። የእርሱ መንግሥት ፍጻሜ የለውም፤ የእኛ ሹመትና የአገልግሎት ዘመን ግን ፍጻሜ አለው።

በዚህ ረገድ ከሁለት ስሕተቶች መጠበቅ ይገባናል። አንደኛው «ዓለም ኃላፊ ናት» እያሉ የሚደርቀውን ምንጭ፣ የሚመነጠረውን የደብር ደን፣ ደጃችን የተቀመጠውን ረኀብተኛ ችላ ማለት ነው። ጌታችን በፍርድ ቀን መንግሥቱን የሚያወርሳቸው የተራበውን ያበሉትን፣ የተጠማውን ያጠጡትን፣ እንግዳውን የተቀበሉትን እንደ ሆነ አስተምሮናልና (ማቴ. 25፥31-46) ይህ ሰበብ አያድነንም። ሁለተኛው የሠራነውን ሕንፃ ወይም ያስቈፈርነውን ጕድጓድ እንደ መንግሥተ ሰማያት ቈጥረን በእርሱ መመካት ነው። የዳዊት ከተማ እንኳ ፈርሳለች። ሥራችን ንጉሡ ሲመጣ የምናቀርበው ሒሳብ እንጂ ዙፋን አይደለም።

ስለዚህ በየአጥቢያው ያሉ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በጋራ እንዲወያዩባቸው በትሕትና እናሳስባለን።

1. ምእመናን የሰጡት ገንዘብና እህል ገቢና ወጪው ለጉባኤው በግልጽ ይነገራልን?
2. በአጥቢያችን ማንም ያልጠየቀው በሽተኛ፣ ጧሪ ያጣ አረጋዊ ወይም ወላጅ አልባ ሕፃን ማን ነው?
3. የአገልግሎት ዘመናችን ሲያበቃ ለተተኪዎቻችን ምን እናስረክባለን?

ለመንግሥቱ ፍጻሜ የሌለው አምላካችን በጥቂቱ ታምነን የመንግሥቱ ወራሾች ለመሆን ያብቃን። አሜን።