ስለ አካባቢ ጥበቃ ሕግና ዕቅድ አወጣጥ

በጂኦግራፊ ትምህርት የዓመቱን ጥናት እንድንመርጥ በታዘዝን ጊዜ ብዙዎቹ ተራራና ሐይቅ ሲመርጡ እኔ ሕግ መረጥሁ። ምክንያቱም ከሰፈራችን በላይ የቆዳ ፋብሪካ አለ፤ አባቴም የሚሠራው በዚያው ነው። የደብተሬ መግዣ የሚመጣው ከዚያ ሲሆን ወንዛችንን ያጠቆረውም እርሱው ነው። እናቴ ልብስ ለማጠብ እስከ ላይኛው ምንጭ ድረስ መሄድ ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆናት።

እንዲህ ያለው ነገር አስቀድሞ የሚታሰብበት መንገድ የለምን? መንገዱስ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል፤ በአንቀጽ 92ም ሕዝብ በሚነካው የአካባቢ ዕቅድ ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የአካባቢ ፖሊሲ አወጣ። ፖሊሲ ግን ወዴት መሄድ እንደሚገባ ያመለክታል እንጂ ብቻውን ማንንም አያስገድድም። የማስገደድ ኀይል የተገኘው በ1995 ዓ.ም. ቁጥር 299 እና ቁጥር 300 የተባሉት አዋጆች ሲወጡ ነው።

ቁጥር 299 የሚለው እንዲህ ነው። ከባድ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ሥራ ለመጀመር ያሰበ ሰው፣ መሠረት ሳይጥል፣ ሥራው በውሃ፣ በአፈርና በሰው ላይ የሚያመጣውን አጥንቶ ጉዳቱንም በምን እንደሚያቃልል ጽፎ ያቀርባል። ለምሳሌ ቆዳ በክሮም ሲለፋ የሚወጣው ፍሳሽ ኖራ ተጨምሮበት ክሮሙ እንዲዘቅጥ ማድረግ ይቻላል። መሥሪያ ቤቱ ጥናቱን ለሕዝብ ክፍት አድርጎ አስተያየት ይቀበላል፤ ከዚያም ይፈቅዳል፣ በግዴታ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። (ይህ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ባለሥልጣን፣ ሚኒስቴር፣ ኮሚሽን፣ እንደገናም ባለሥልጣን እየተባለ ስሙ ስለ ተለዋወጠ የድሮ ጽሑፎችን ሳነብ ብዙ ደክሜአለሁ።)

የእኛ ፋብሪካ ግን የተሠራው ከአዋጁ በፊት ነው። ይህን ለአባቴ ብነግረው፣ «ልጄ፣ ፋብሪካው ቢዘጋ አንተን ማን ያስተምርሃል?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ወደ ቁጥር 300 የተመለስሁት በዚህ ምክንያት ነው። እዚያም ነገሩ መዝጋት ብቻ እንዳልሆነ አየሁ፤ ብክለትን የሚያስቀር ወይም የሚቀንስ መሣሪያ እንዲተከል ማዘዝ ይቻላል፤ የበከለም እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ይገደዳል። ማታ ለአባቴ አነበብሁለት። ሁለት ጊዜ አስደገመኝና፣ «በል፣ በወረቀት ገልብጥልኝ» አለ። ገልብጬ ሰጠሁት፤ በማግሥቱ በኮቱ ኪስ አድርጎት ወደ ሥራው ሄደ።