ትልቁንና ትንሹን ኤሊ በአንድ ግቢ ስለ ማኖር



ስለ ላምና ስለ ዶሮ ንጽሕና ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ ደግሞ ስለ ኤሊ እንነጋገር። ነገሩ ሊያስቃችሁ ይችላል፤ እኛም በመጀመሪያ ስቀን ነበር። ነገር ግን በስምጥ ሸለቆና በሌላውም ቆላ፣ ቅርፊቱ እንደ ነብር ቆዳ ጠቃጠቆ ያለበት የየብስ ኤሊ ስለሚገኝ፣ ልጆች ከሜዳ እያነሡ ወደ ቤት ያመጡታል። በቤቱ ትልቅ ኤሊ ካለ ትንሹም እዚያው ይጨመራል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ቤት ለቤት ስንዞር ወደ አንድ ግቢ ገባን። ከአጥሩ ሥር የክብሪት ሣጥን የምታህል ኤሊ በጀርባዋ ተገልብጣ፣ በፀሐይ ላይ ሞታ አገኘናት። ትልቁ ኤሊ እዚያው አጠገቧ ጎመን ይበላል። ወዲያ ማዶ ደግሞ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ኤሊዎቹ ከሚጠጡበት ጣሳ በእጁ እየጨለፈ ይጠጣል። የቤቱ እመቤት ስለ ኤሊዋ አዝነው፣ «ምን ገደላት? ኤሊ እኮ ጥርስ የለውም!» አሉን።

እውነት ነው፣ ጥርስ የለውም። ክብደት ግን አለው። ያደገ ኤሊ አሥር ኪሎና ከዚያም በላይ ሲመዝን፣ አዲስ የተፈለፈለው የአንድ ኪሎ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ትልቁ ክፋት ሳይኖረው ይረግጠዋል፤ ምግብ ሲሻማ ገፍቶ ይገለብጠዋል። የኤሊ ሳንባ ከጀርባው ቅርፊት ሥር ስለሆነ፣ ሲገለበጥ ሆድ ዕቃው ይጫነውና መተንፈስ ይቸግረዋል። በዚያ ላይ ጠራራ ፀሐይ ካገኘው መሞቱ ነው። ወንዱ ኤሊ ደግሞ ሆን ብሎ ይገፋል፤ በተለይም ሌላ ወንድ ሲያይ በቅርፊቱ ይጋጫል። ወንዱን ለማወቅ ከሥር ተመልከቱት፤ ሆዱ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ፣ ጅራቱም ረዘም ያለ ነው።

ስለዚህ ሁለት በረት ያስፈልጋል። ግንቡ ድንጋይ ወይም ጭቃ ይሁን፤ ኤሊ ወዲያ ማዶ የሚታየው አጥር ከሆነ ቀኑን ሙሉ ሲገፋው ይውላል። የትንሹ በረት ላዩ በእሾህ ቅርንጫፍ ይሸፈን፤ ውሻ፣ አይጥና ቁራ ትንሹን ይበሉታል። የውሃው ሳሕን ዝርግ ሆኖ ውሃው ከአገጩ አይለፍ፤ ትንሽ ኤሊ በጣሳ ውስጥ ይሰምጣል። ምግባቸው ሣርና ቅጠል ነው እንጂ እንጀራና ዳቦ አይስማማቸውም። አዲስ ኤሊ ከሜዳ አታምጡ። ቀድሞ የመጣ ካለ ግን በሽታ እንዳያዛምት ጥቂት ወራት ለብቻው ይቆይ።

አሁን ወደ ሕፃኑ እንመለስ፤ እኛን ይበልጥ ያስጨነቀን እሱ ነውና። ኤሊ ጤነኛ መስሎ እየታየ በአንጀቱ ውስጥ ሳልሞኔላ የሚባል ጀርም ሊይዝ ይችላል። ጀርሙ ከኩሱ ጋር ይወጣና በቅርፊቱ፣ በውሃው፣ በመሬቱም ላይ ይቀራል። ትንሹ ኤሊ ከትልቁ የሚብሰው እዚህ ላይ ነው፤ ሕፃን ትልቁን ማንሣት አይችልም፣ ትንሹን ግን አንሥቶ ወደ አፉ ያደርሳል። በአሜሪካ አገር በዚሁ ምክንያት ብዙ ሕፃናት ስለ ታመሙ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. ቅርፊቱ ከአሥር ሳንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊ ለማጫወቻ እንዳይሸጥ ተከልክሏል።

ኤሊ ዓይነ ምድር ካገኘም ይበላል፤ በዱር የጅብ እዳሪ እንኳ ይበላል። ሽንት ቤት የሌለው ቤት ኤሊውን ምን እንደሚያበላ እናንተው ገምቱት።

ኤሊ የነካ እጅ ወዲያው በሳሙና ይታጠብ፤ ሳሙና ከጠፋ በአመድ። የኤሊው ሳሕን ከቤት ዕቃ ጋር አይታጠብ፤ እጣቢውም ከጉድጓድ ውሃና ከጓሮ አትክልት ርቆ ይደፋ። ኩሱን በአካፋ እየጠረጋችሁ ቅበሩት። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን ባይነኩት ይሻላል። ልጁን ተቅማጥና ትኩሳት ከያዘው ጡት አታስጥሉት፤ ኦ.አር.ኤስ. በንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ አጠጡትና ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት። ሰገራው ደም ካለበት ወይም ልጁ ከደከመ፣ አትዋሉ አትደሩ። ኤሊ በቤት እንዳለም ለጤና ሠራተኛው ንገሩት፤ ካልነገራችሁት አይጠይቃችሁም።

ያቺ እናት በዚያው ቀን ጣሳውን ከሕፃኑ አርቀው፣ ለቀረችው አንዲት ትንሽ ኤሊ በድንጋይ ክብ ሠሩላት። ማታ ብርድ ሲሆን የት እናስገባት ብለው ጠይቀውናል። ጭድ በተነጠፈበት ሣጥን ውስጥ ሆና በዕቃ ቤት ትደር፤ ከማድ ቤትና ከመኝታ ክፍል ግን አትግባ።