ምዝገባ ላይ ያልተጠየቀው ጥያቄ

ነሐሴ ሲገባ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መዋዕለ ሕፃናት ደጃፍ ላይ ወላጅ የልደት ሰርተፍኬት፣ የክትባት ካርድና ጉርድ ፎቶ ይዞ ይሰለፋል። እኛ መምህራን ወረቀቱን ተቀብለን «መስከረም እንገናኝ» ብለን እንሸኘዋለን። ለእኔ ግን ያቺ ቀን የልጁን ቤት የምናውቅባት ዋነኛ ዕድል ናት። መስከረም ከጠባ ወላጁ ገና ሳይነጋ ወደ አዲስ አበባ ታክሲ ይጋፋል፤ ልጁን የሚያመጣልን አያት፣ ጎረቤት ወይም የቤት ሠራተኛ ነው።

ቀዳሚው ጥያቄ ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ይሁን። ሦስቱም ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በዋናነት በአፋን ኦሮሞ ያስተምራሉ፤ ከግሎቹ ብዙዎቹ አማርኛና እንግሊዝኛ ይቀላቅላሉ። የቤት ኪራይ ከአዲስ አበባ ገፍቶ ያመጣው ቤተሰብ ልጅ አማርኛ ብቻ ይዞ የአፋን ኦሮሞውን ፊደል፣ ቁቤን፣ የሚማርበት ክፍል ይገባል፤ የአገሬው ገበሬ ልጅ ደግሞ ከግሎቹ በአንዱ ገብቶ «ቢሻን» ብሎ ውሃ ሲጠይቅ የሚሰማው መምህር ያጣል። እናቱን «ሽንቱ ሲመጣ ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁና መልሷን ከስሙ ጎን ጻፉት። ሳንረዳው ቀርተን ወንበሩ ላይ የሸና ልጅ በማግስቱ በር አንቆ «አልሄድም» ይላል፤ እኛም «ዓይን አፋር ነው» ብለን እናልፈዋለን።

ወላጅ በበኩሉ «ፊደል ይቁጠር ወይ?» ይላል። አይቸኩል። በ2015 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአንደኛ ክፍል በፊት ለልጁ ሁለት ዓመት ሰጥቶታል። (ለዚህ ዕድሜ የመግቢያ ፈተና የሚያዘጋጁ አሉ፤ ምን እንደሚፈትኑ አይገባኝም።) በክረምቱ ሱሪውን ዝቅ ከፍ ማድረግ፣ እጁን መታጠብ፣ የምሳ ዕቃውን ከፍቶ መክደን ይልመድ። የምሳ ዕቃው ሲገዛም ክዳኑን እሱ ይሞክረው፤ አርባ ልጅ ባለበት ክፍል አንዲት ረዳት ሁሉንም ከፍታ ሳትጨርስ የእረፍት ሰዓት ያልቃል። ሱሉልታ ብርድ ነውና የሹራቡን ዚፕም እንዲሁ። ቁጥር ካስፈለገ ቡና ሲፈላ ስኒ ይቁጠር።

ልጁና ወላጁ ከትምህርት ቤቱ ጋር የሚተዋወቁበትን ቀን እሑድ ከሰዓት አድርጉት፤ በሥራ ቀን ስብሰባ ብትጠሩ የፋብሪካ ሠራተኛ አይመጣም። ልጁ ክፍሉን፣ ከሁሉ በላይ ሽንት ቤቱን ይየው፤ ጉድጓዱን ፈርቶ ቀኑን ሙሉ ሽንቱን የሚይዝ ብዙ ነው። በመጀመሪያው ቀን ወላጅ ተደብቆ አይውጣ። ስሞት፣ ማን መጥቶ እንደሚወስደው ነግሮት ይሂድ።

የተረካቢውን ነገር አደራ። አዲስ አበባ ውስጥ ከአስኮ፣ ከአየር ጤና ወይም ከአዲሱ ገበያ ታክሲ በጠፋ ቀን ወላጅ ይዘገያል፤ ስለዚህ የሁለት ሰው ስምና ስልክ ቀድማችሁ መዝግቡ። ከሁለቱ ውጭ የመጣን ሰው፣ ልጁ «አጎቴ ነው» ብሎ እየሮጠ ቢያቅፈው እንኳ፣ ወላጁ ጋ ሳትደውሉ አታስረክቡት።