የሶፍትዌር ፈታሽ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ሎጊያ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች የሚያድሩባት የአፋር ከተማ ናት። በዚያ አንድ የመኪና ማደሪያ ግቢ ሒሳቡን በኮምፒዩተር ፕሮግራም ይሠራል እንበል። ክፍያው በሌሊት ነው። ጳጉሜን 5 ቀን የገባ መኪና መስከረም 1 ቀን ቢወጣ የስንት ሌሊት ይከፍላል?

«የአንድ ሌሊት» የሚለው መልስ ለ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ትክክል ነው። በ2015 ዓ.ም. ግን ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች መልሱ ሁለት ነው። ፕሮግራሙ ይህን ካልለየ የግቢው ባለቤት የአንድ ሌሊት ገቢ ያጣል። ይህን ጥያቄ ከባለቤቱ ቀድሞ የሚያነሣው የሶፍትዌር ፈታሽ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያበቁት ጠባዮች የትኞቹ ናቸው?

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ነው። ግሌንፎርድ ማየርስ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ፍተሻ ማለት ስሕተት ለማግኘት በማሰብ ፕሮግራምን ማስኬድ መሆኑን አስረድቷል። ጸሐፊው ፕሮግራሙ እንዲሠራ ይመኛል፤ ፈታሹ የሚሰናከልበትን ቦታ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ትጋትና ጥንቃቄ ነው። በአውስትራልያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ፈታሾች በዚህ ጠባይ ከሌሎች የሶፍትዌር ባለሙያዎች በልጠው ተገኝተዋል። ጥርጣሬ ብቻውን ሐሜት ነው፤ ጥንቁቅ ሰው ግን ጳጉሜን 5ን፣ 6ንና መስከረም 1ን በአራቱም ዓመታት ይሞክራል፤ ያደረገውንም ሌላ ሰው ሊደግመው በሚችል መንገድ ይመዘግባል።

ሦስተኛው የአነጋገር ብልኀት ነው። «ሥራህ የተበላሸ ነው» የሚል ፈታሽ ጠብ ያተርፋል። «ሁለት ሌሊት ማለት ሲገባው አንድ አለ» የሚል ግን ስሕተቱን ያሳርማል።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስል መጋቢት 2016 ዓ.ም.ን እናስታውስ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሲታወክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ለማውጣት ቻሉ፤ ባንኩ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መወሰዱን ገለጸ። ከወሰዱት መካከል ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ ገንዘቡንም እንዲመልሱ ተጠየቁ።

ያም ሆኖ ፈታሽ «እንከን የለውም» ብሎ አይምልም፤ ኤድስገር ዳይክስትራ እንዳስገነዘበው ፍተሻ ስሕተት መኖሩን እንጂ አለመኖሩን አያረጋግጥምና። እነዚህ ጠባዮች በልምምድ ይዳብራሉ። አንባቢ ሆይ፣ ቀጥሎ ጳጉሜን 6 የምትውለው በ2019 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። በስልክህ ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ያውቃት እንደሆነ ዛሬውኑ ፈትሽ።